«ዓለም ናት የምታንኳኳው»

ይህ የሆነው የካርቱሙ ጦርነት ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ሰው ሞቶ ወይም ተአምር አይቼ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «ዓለምን ትቻለሁ» ባለኝ ቁጥር «ታዲያ ልብስህን ማን ያጥብልሃል?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ሆኜ ስለቀረሁ ነው።

በዚያን ጊዜ ካርቱም ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አል-ሳሃፋ ውስጥ ሲት ኢልሃም የምትባል ሱዳናዊት በከፈተችው የሴቶች ኩዋፊር ፀጉር እሠራለሁ። የምኖረው ከዚያው ብዙ በማይርቅ ሖሽ ውስጥ ነው፤ በአንድ ግቢ ዙሪያውን ክፍሎች ያሉትን ቤት እዚያ ሖሽ ይሉታል። የተከራየነው ሦስት ሴቶች ነን። እኔ፣ እንደ እኔ የደብረ ታቦር ልጅ የሆነችው ብርቄ፣ እና ዘይነባ። ዘይነባ ሙስሊም ናት፤ የወሎ ልጅ። ጀብራ አንድ ቤተሰብ ዘንድ በተመላላሽ ትሠራለች። ታናሽ እህቴ ሰናይት ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ነበር የምታድረው።

እውነቱን ልናገርና ደክሞኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሙሽራ ፀጉር ስጎነጉን እውላለሁ። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ስልኩ ይጮሃል፤ ከአገር ቤት የሚደውለው ዘመድ ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ የማስበው የሰኞዋን ሙሽራ ነበር። ነገር ቀለል ያለበት፣ ጸሎት ብቻ ያለበት ኑሮ ተመኘሁ። ደሴ የመጣው እንግዲህ እኔ እንዲህ ሆኜ ስጠብቀው ነው።

ደሴ፣ ሙሉ ስሙ ደሳለኝ፣ የአገራችን ልጅ ነው። ባሕሪ፣ ወርክሾፖቹ ያሉበት ሠፈር፣ መኪና ቀለም ይቀባ ነበር። ከአሠሪው ጋር ተጣልቶ ወጣና «ለጥቂት ቀን አስጠጉኝ» አለን። በሩ አጠገብ ያለችውን የዕቃ ክፍል አጽድተን ሰጠነው። ሁለት ሳምንት ሥራ ፈለገ። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ መፈለጉን ተወና ዓለምንም አብሮ ተወ።

ነጭ አንሶላውን በእርድ አስነክሮ ቢጫ አደረገና ለበሰው። እርዱን የገዛችውም አንሶላውን የነከረችውም ብርቄ ናት። ከዚያ «ደሴ አትበሉኝ፤ የክርስትና ስሜ ወልደ ሚካኤል ነው» አለ። ትናንት «አንተ ደሴ፣ ያንን ባልዲ አቀብለኝ» የምንለው ሰውዬ በአንድ ሌሊት «አባ ወልደ ሚካኤል» እና «እርስዎ» ሆኖ አደረ። ባልዲ ማቀበሉም በዚያው ቀረ።

ሌባ ነበር እንዳልል አልነበረም። ከእኛ ቤት ማንኪያ አልጎደለም። ሴት ቀና ብሎ አያይም። ይጸልያል፣ ይሰግዳል፣ ያለቅሳል፤ ልቅሶውም የምር ነበር። አንዳንዴ ምናለ ሌባ በሆነ ኖሮ እላለሁ። ሌባን ማባረር አንድ ቀን ነው የሚፈጀው።

ቀላል ኑሮ ነው የምኖረው ይል ነበር። ቀላል ኑሮውን ግን እኛ ነበርን የምንሸከመው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ከአህያ ጋሪ ገዝተን የምንቀዳለት እኛ ነን፤ እሱን ውሃ መቅዳት ከጸሎት ያናጥበዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ሽሮው መድረስ አለበት፤ ዘይት አይነካውም፤ የተልባው ውሃ ደግሞ ወፍራም ከሆነ ይመለሳል። የአየር ማራገቢያ ድምፁ ተመስጦ ያቋርጣል ብሎ አስጠፋን። የካርቱም ሙቀት ደግሞ ባሕታዊ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን «ለውሃው ትንሽ በረዶ ካገኛችሁ» አለ። ብርቄ በዚያ ፀሐይ በረዶ ፍለጋ ዱካን ለዱካን፣ ሱቅ ለሱቅ፣ ስትዞር ዋለች። ድንቄም መናኝ!

ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማሾፍበት። ያኔ ከብርቄ የባስኩት እኔ ነበርኩ። «ኑሮን ያከበድነው እኛው ነን፤ አንድ አንድ እያላችሁ ጣሉ» ሲለን መጀመሪያ የጣልኩት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት ሰጠሁ። አልጋዬን አውጥቼ ከዘንባባ የተሠራ ምንጣፍ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ጸጋ መስሎ ይሰማኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ቀነስን፤ «እዚያ ወሬ ይበዛል፤ እዚሁ እንጸልይ» አለን። የንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ደውለው ምነው ጠፋሽ አሉኝ። አመመኝ አልኳቸው። ለቄስ ዋሽቼ ለጸሎት የምቀመጥ ሰው ነበርኩ እንግዲህ።

ያልተሞኘችው ዘይነባ ብቻ ነበረች። አንድ ማታ ከሥራ ገብታ ልብሷን እያጠበች፣ የእሱንም አንሶላ ሳጥብ አየችኝ።

«ዘውዴ፣ ይሄ ሰው ታሟል እንዴ?» አለችኝ።

«መናኝ ነው እኮ።»

«እጁን ነው የጠየቅኩሽ። እጁን አሞታል ወይ?»

ስለ ሃይማኖታችን አታውቂም ብዬ ተቆጣኋት። አላውቅም አለችና አንሶላውን አብራኝ ጨመቀች።

ፍልሰታ ሲገባ ደሴ ሱባኤ አወጀ። አሥራ አምስቱንም ቀን ከቤት አንወጣም፤ ስልክም የለም። መቆለፊያ ያለው ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነበረን፤ ስልካችንን፣ የእጅ ቦርሳችንን፣ ጌጣችንን፣ «የዓለም ዕቃ» የተባለውን ሁሉ እዚያ ከተትን። ቆለፈውና ቁልፉን ከማዕተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሠረ። ለዘይነባም ሣጥኑን ከፍቶ ጠበቃት።

«እኔ ጾሜ በረመዳን ነው» አለችው። «ያኔም ቢሆን ስልኬን አልቆልፍም። እናት አለችኝ።»

እኔም ሲት ኢልሃምን ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ደስ አላላትም፤ የሠርግ ወቅት ነበር። «ለአላህ ከሆነ ሂጂ» አለችኝ። ለሰናይት ደግሞ አልነገርኳትም። ትንሽ ቀን ብትደውልና ባላነሳ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ሱባኤው ሊገባ ሰሞን ሰናይት የመኖሪያ ካርዷን ሰጥታኝ ነበር፤ ባጣቃ ነው የሚሉት። ጊዜው ሊያልፍ ስለሆነ በሲት ኢልሃም ዘመድ በኩል አሳድስልሻለሁ ብዬ ተቀበልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳዬን ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ። ካርዱ ትዝ እንኳ አላለኝም፤ በጸሎት ተጠምጄ ነበርና!

በሱባኤው በአሥረኛው ቀን፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ መንገዱ ሁሉ ኩሬ ሆኖ፣ እኛ ከደሴ ክፍል ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ተደርድረን እየጸለይን ነበር። እኩለ ቀን ገደማ የብረት በሩ ተንኳኳ። ብርቄ ልትነሳ ስትል ደሴ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን አነሳ።

«ተዪ» አለ። «ዓለም ናት የምታንኳኳው። አትክፈቱላት።»

በሩ ደግሞ ተመታ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ «ያ ዘውዴ! ያ ዘውዴ!» ብሎ ተጣራ።

ይህችን ክፍል ለዓመታት ለማንም አልተናገርኳትም። ድምፁን አውቄዋለሁ። ሲት ኢልሃም ነበረች። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ሙሽራ በዝቶባት ልትወስደኝ የመጣች መሰለኝ። ተመልሼ አቀረቀርኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳውም፤ ኩራት ነው። ዓለም በስሜ ጠርታኝ እንቢ ያልኳት ያህል ደስ አለኝ። ድምፁ ሦስት አራት ጊዜ ጠርቶ ጠፋ።

ዘይነባ ያን ቀን ከሥራ የገባችው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። እንደ ወትሮው በጎን አላለፈችም፤ መሀላችን መጥታ ቆመች።

«ዘውዴ፣ ተነሺ። ሰናይት ታስራለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰናይት በዕረፍት ቀኗ አውቶቡስ ላይ ሳለች ድልድዩ ጋ ፖሊስ አስቁሞ ወረቀት ጠየቀ። ወረቀት የላትም። ባሕሪ ወዳለ አንድ ጣቢያ ወሰዷት። እንድትደውል ፈቀዱላት፤ የእኔ ስልክ ዝግ ነው። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ደወለች፤ ዝግ ነው። የአሠሪዋን ስልክ በቃሏ አታውቀውም፤ እመቤቷ ጠፍታ የሄደች መስሏት ሌላ ሠራተኛ ፍለጋ ጀምራለች። ሰናይት ሦስት ሌሊት እዚያ አድራ፣ አብራት ታስራ የነበረች አንዲት ሐበሻ ስትፈታ «እህቴ አል-ሳሃፋ፣ ኢልሃም ኩዋፊር ትሠራለች» ብላ ላከቻት። ልጅቷም ኩዋፊሩን አፈላልጋ ለሲት ኢልሃም ነገረቻት። ሲት ኢልሃም በዚያ ጭቃ ቶቧን፣ ያንን የምትጠመጠመውን ረጅም ልብስ፣ ሰብስባ እስከ ቤታችን መጣች፤ በሩን ደበደበች፤ የሚከፍት ስታጣ ጥግ ላይ ላለው ባለ ዱካን መልእክት ትታ ሄደች። ዘይነባ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ባለ ዱካኑ ነገራት።

ካርዱ የት እንዳለ ወዲያው ነው ትዝ ያለኝ።

«አባ፣ ቁልፉን» አልኩት።

ደሴ ዓይኑን ገለጠ። ቁጣ እንኳ የለውም፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረኝ።

«ልጄ፣ ይህ ፈተና ነው። አሥር ቀን የተጋደልሽለትን ሱባኤ ሊያስፈርስሽ የመጣ። ሐዋርያትም ታስረዋል። ጸሎታችንን እንፈጽም፤ እሷንም በጸሎት እናስባት።»

«እህቴ ናት!»

«ምን ነካሽ፤ አምስት ቀን እኮ ነው የቀረሽ።»

ብርቄ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ፣ እንደገና ለመንኩት። አንገቱ ላይ ያለ ቁልፍ ነው፤ ከሁለታችን እጅ አይርቅም። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ «ይፍቀዱልኝ» እያልኩ ነበር።

ዘይነባ አልለመነችም። ወጥ ቤት ገባችና ዘነዘናውን ይዛ ወጣች። ደሴ ወደ እሱ የመጣች መስሎት ከምንጣፉ ዘሎ ተነሳ። ከመነነ ወዲህ እንደዚያ ፈጥኖ ሲንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም። እሷ ግን በአጠገቡ አልፋ ሣጥኑ ዘንድ ተንበረከከችና መቆለፊያውን መታችው። በአራተኛው ተገነጠለ። ቦርሳዬን አውጥታ ወረወረችልኝ።

«ያላ!» አለችኝ። «እንባሽን መኪና ውስጥ ታለቅሺዋለሽ።»

በኩዋፊሩ በኩል አለፍን። ሲት ኢልሃም ስታየኝ የያዘችውን ማበጠሪያ አስቀመጠች። ሱዳናዊ ዋስ ካልቀረበ እንደማይለቋት ታውቃለች፤ መታወቂያዋን ይዛ አብራን ወጣች። ወንበር ላይ ግማሽ ፀጉሯ የተሠራ ደንበኛ ትታ ነው። አምጃድ፣ ያችን ትንሽዬ ታክሲ፣ ተሳፈርን። ውሃው መንገዱን ዘግቶት ድልድዩ ላይ መኪና ከመኪና ተጣብቋል። ዘይነባ ከሾፌሩ ጋር በሌላ መንገድ ሂድ፣ አይሆንም እየተባባለች በአረብኛ ትጨቃጨቃለች። እኔ ካርዱን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ልጸልይ ሞከርኩ። አሥር ቀን ሙሉ ስጸልይ የነበርኩት ሴትዮ አንድ «አቤቱ» ማለት አቃተኝ።

ጣቢያው ውስጥ የነበረው መኮንን ሽበት የወጣለት ሰው ነው። ካርዱን ገለበጠ፣ እኔን አየኝ።

«እህቷ አንቺ ነሽ? ሦስት ጊዜ አስደውለናታል። ስልክሽ የት ነበር?»

ምን ልበል? በጸሎት ላይ ነበርኩ ልበለው? መኮንኑ ራሱ አሁን ሰግዶ የተነሳ ነው፤ እጁ ገና ከውዱእ አልደረቀም። እሱ ሰግዶ ወደ ሥራው ተመልሷል። ጠፍቶብኝ ነው አልኩ። ሲት ኢልሃም በጎን አየችኝ እንጂ አላጋለጠችኝም። ለዋስትናው ፈረመች።

ሰናይትን ሲያወጧት አላወቅኳትም ነበር ማለት ይቻላል። ፊቷ በወባ ትንኝ ተበልቶ አብጧል፤ ትኩሳት ይዟት ትንቀጠቀጣለች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንገቴን አነቀችና ዓይኔን፣ ጉንጬን፣ እጄን ዳሰሰችኝ።

«እታለም» አለችኝ፣ «የሞትሽ መስሎኝ ነበር። ሦስቱንም ሌሊት ለአንቺ ነበር የማለቅሰው።»

ከእሷ የተሰማ ክፉ ቃል ይኸው ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ሰናይትን ዘይነባ አልጋ ላይ አስተኛናት፤ እኔ አልጋዬን ሰጥቼ የለ! ደሴ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው። እኛ ከወጣን በኋላ ብርቄ ክፍሏን ዘግታ ስለገባች ውሃ የሚሰጠው አጥቶ ከንፈሩ ደርቋል። የውሃው ጀሪካን ከእሱ አሥር እርምጃ አይርቅም።

«ተፈታች?» አለኝ።

«ተፈታች።»

«ይኸው፤ ጸሎታችን ሰመረ።»

ያን ጊዜ ነው የበቃኝ። «እርስዎ» ማለቱም በዚያች ደቂቃ ለቀቀኝ።

«ደሴ» አልኩት፣ «ነገ ጠዋት ከዚህ ቤት ውጣ።»

ብዙ ነገር ተናገረ። እንደማልጠቀም፣ ወደ ኋላ እንዳየሁ። በመጨረሻ ተነሥቶ «እንግዲያው የእግሬን አቧራ አራግፌ እሄዳለሁ» አለ።

«ክረምት ነው» አለችው ዘይነባ ከውስጥ ሆና። «አቧራ የለም፤ ጭቃ ነው። ጠርገህልን ሂድ።»

በማግስቱ ሄደ። ሳይጠርግ። ጀብራ ያሉ ሴቶች ስጋጃ አንጥፈው እንደተቀበሉት ሰማሁ፤ ለእነሱም አዘንኩ፤ ግን ሄጄ አላስጠነቀቅኳቸውም። ማን ሊሰማኝ? እኔስ ማንን ሰምቻለሁ?

ሰናይት ስትድን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድምፁን ማወቄን ብቻ ዘለልኩ። «ሱባኤ ስትገቢ ማንን አማከርሽ?» አሉኝ። ማንንም። «መናኝ ዋልድባ ይሄዳል እንጂ ሴቶች እየቀለቡት ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?» አሉና ሳቅ ቀደማቸው። ስግደት ያበዙብኛል ስል፣ ቀኖናዬ በየቀኑ ለእህቴ እየደወልኩ ደኅንነቷን መጠየቅ ሆነ። ሲሰጡኝ ቀለለብኝ፤ ሳደርገው ነው የከበደኝ። ስትስቅልኝ በሰማሁ ቁጥር ያበጠው ፊቷ ይመጣብኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁላችንንም በተነን። ሲት ኢልሃም ቤተሰቧን ይዛ ግብፅ ገባች። ዘይነባ ወሎ ናት፤ በስልክ እንገናኛለን። ሰናይትና እኔ በመተማ በኩል ወጥተን ጎንደር ሆነናል፤ እዚህም ፀጉር እሠራለሁ። የደሴን ነገር ለደንበኞቼ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። የእርዱን አንሶላ፣ በረዶውን፣ ከምንጣፉ አዘላለሉን ሳወራ ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ። በር አስዘግቶ እህቴን በሀብስ፣ በእስር ቤት፣ ያበሰበሰብኝ እሱ ነው እያልኩ ነበር የምጨርሰው።

ባለፈው ጾም ግን አላስችል አለኝ። ሰናይት ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። የሲት ኢልሃምን ድምፅ አውቄው እንደነበር፣ እያወቅኩ እንዳልተነሳሁ፣ ደስም ብሎኝ እንደነበር።

ማጠፏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ኢልሃም ነግራኛለች። በበሩ ስንጥቅ አይታሻለች፤ ቀና ብለሽ አይተሽ ስታቀረቅሪ።»

«መቼ ነገረችሽ?»

«ያኔውኑ። እንደተፈታሁ ሰሞን።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደሴን መስደብ ስትጀምሪ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አታውቂም፤» አለችኝ። «ለምን ላቋርጥሽ?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደብኝና እሷም ልብሱን አስቀምጣ አቀፈችኝ።

ደሴን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ይቅር በዪው የምትሉኝ ካላችሁ ገና ነኝ። ነገር ግን ታሪኩን አሁን የማወራው ሰናይት ባለችበት ነው። በሩ የተንኳኳበት ቦታ ላይ ስደርስ ቀና ብላ ታየኛለች። አልዘለውም።